አንድ ገበቴ ውሃ

ጉሙር በዚህ ዓለም ላይ የማይንቀው ነገር ቢኖር የራሱ ምላስ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ ንቆ ጨርሶታል። የከተማ አንጥረኞችን ይንቃል፤ ወናፍ ትተው በጋዝ ስለሚበይዱ። ነጋዴዎችን ይንቃል፤ ብርና ቆርቆሮ መለየት ስለማይችሉ። ጨዋዎቹን ግን፣ እነዚያን ጥምጥማቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ግመል ላይ የሚኮፈሱትን፣ ከሁሉም አብልጦ ይንቃቸዋል። ችግሩ የሚበላው ከእነሱ ቤት ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ያለውን ንቀት እንደ ጨው መጥኖ ነበር የሚያወጣው።

"የእነሱ ክብር የሚኖረው እኔ አፍ ውስጥ ነው" ይላል፣ ሻዩን ፉት እያለ። "አፌን የዘጋሁባቸው ቀን እርቃናቸውን ይቀራሉ።"

እውነት ለመናገር አልዋሸም። በበረሃው መንደራቸው በኢንጋል ጨዋ ሰው አይለምንም። አይከራከርም። ስለ ምግብ አያወራም፣ አማቱ ባለችበት አፉን አይከፍትም። ያፍራላ! እንዲያፍር ተደርጎ ነው ያደገው። አንጥረኛ ደግሞ አያፍርም። ሚስት ሲታጭ የሚላከው አንጥረኛ ነው፣ ሲጣሉ የሚያስታርቀው እሱ፣ ጨዋው ሊለው ፈልጎ ያልቻለውን ነገር በሰው ፊት ዘርግፎ የሚናገርለትም እሱ። እያንዳንዱ የጨዋ ቤት የራሱ አንጥረኛ አለው፤ ብሩን ይቀጠቅጥለታል፣ ኮርቻውን ይጠርብለታል፣ አፉንም ያውሰዋል። የጉሙር አያት፣ ቀጥሎ አባቱ፣ ቀጥሎ ጉሙር የኻማዳን ቤት አንጥረኞች ሆነው ኖሩ።

ሰርግ ሲሆን ደግሞ ወግ አለ። የሙሽራው ወገን ለሙሽሪት ያሠራውን ጌጥ ይዞ ይመጣና ድንኳኑ ፊት ቆዳ ላይ ይዘረጋዋል። ያን ጊዜ የሙሽሪት ቤት አንጥረኛ ይነሳና ጌጡን ድራሹን ያጠፋዋል። ማዋረድ ነው ሥራው! ዝም ካለ ልጅቱ በርካሽ ሄደች ይባላል። ጌጡን የሠራው አንጥረኛ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ተራው ሲደርስ ይመልሳል፣ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይስቃል። መጨረሻ ላይ ሰዳቢው "ይሁን እንግዲህ፣ ከዚህ የባሰም አይተናል" ይልና ጌጡ ለሙሽሪት ይታሰርላታል። ከሁለቱ አፉን ያስያዘው፣ ያሸነፈው፣ ከጨዋዎቹ አንድ ነገር ይጠይቃል። የጠየቀው ምንም ይሁን ምን ይሰጠዋል፤ አንጥረኛን በሰው ፊት መከልከል ለጨዋ ሞት ነው።

ጉሙር ከሠላሳ ሰርግ በላይ አሸንፏል። ምን ምን ጠየቅህ ብትለው በጣቱ ይዘረዝርልሃል። የግመል ሻኛ፣ ሙሉውን። የስኳር ጆንያ። ብርድ ልብስ። አንድ ጊዜ ደግሞ የሙሽራውን ሬዲዮ ጠይቆ ሰውየው እንባ እያነቀው ሰጥቶታል። ያችን ሲተርክ ጉሙር አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

የዘንድሮው ሰርግ ግን የሻኛ ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽሪት ሚናታ የታሙምት ልጅ ናት፤ ታሙምት ደግሞ የኻማዳን እህት፣ ባሏ የሞተባት። ሙሽራው የአጎታቸው የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱ ቤት አንድ ሊሆን ነው፤ ድርቁ መንጋውን ከጨረሰው ወዲህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን አንጥረኛ ማብላት ከብዶታል። ኻማዳን ለሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ለሁለቱም ቤት አንድ አንጥረኛ ይበቃል። ይህን ወሬ ጉሙር በሰማ ቀን ምሳው አልወረደለትም። የሙሽራው ቤት አንጥረኛ ማን እንደሆነ ያውቃላ። ኤፋድ ነው። የገዛ እህቱ የራይሻ ልጅ።

ቤቱን ካጣ ምን ይቀረዋል? ከተማ ወርዶ መንገድ ዳር ጨርቅ አንጥፎ፣ ለማይመጣ ፈረንጅ የነሐስ ቀለበት መዘርጋት። ያውም እጁ እየከዳው! ከሁለት ክረምት ወዲህ መጫሪያውን ሲይዝ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ለማንም አልተናገረም።

ስለዚህ ሐሳቡን ቆረጠ። ኤፋድን በሰው ፊት ያዋርደዋል፣ አፉን ያስይዘዋል፣ ከዚያ ማሸነፉን ይዞ ወደ ኻማዳን ይዞርና ሻኛም ስኳርም ሳይል ቤቱን ይጠይቃል። "እኔና ዘሬ የእናንተ አንጥረኞች ሆነን እንኑር" ይላል። አይከለክሉትም። መከልከል አይችሉም።

ኤፋድን ደግሞ ማዋረድ ምን ያቅታል! ብሎ ነበር ያሰበው።

ኤፋድ አሁን ሠላሳ አምስት የሞላው፣ የራሱ ወናፍና የራሱ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ከጉሙር ጋር አንድ መስፍ ላይ ይሠሩ ነበር። የተለያዩት በዞጲ ምክንያት ነው፣ በዚያ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከብር ጋር ሲጋጠም ዓይን በሚያፈዝ እንጨት። ዞጲ ከደቡብ ነበር የሚመጣው፤ የሚያመጣው ነጋዴ ሞተና ቀረ። ጉሙር ግን መላ አያጣም። ግራር ጠርቦ፣ አሮጌ የባትሪ ድንጋይ ፈጭቶ በዘይት ይለውስና ይቀባዋል፤ ላዩን በጫማ ቀለም ያሸዋል፤ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ዞጲ ይመስላል እንዴ? ዞጲ ራሱ አይቶ ወንድሜ ይለዋል!

"ፈረንጅ ምን ያውቃል" እያለ ለፈረንጅ ሸጠ። ከዚያ ለነጋዴ ሸጠ። ከዚያ አንድ ቀን ታሙምት የእናቷን ሰባት ጠገራ ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችና ድሪ ሥራልኝ አለችው፤ የብር ጌጥ፣ በመሀል በመሀሉ የዞጲ ዶቃ። ጠገራውን አቀለጠ፣ ጌጡን አሳምሮ ሠራ፣ ብሩ ላይ እንከን የለም። ዶቃውን ከግራር ጠረበና ቀለሙን ማሸት ጀመረ።

ኤፋድ ሞረዱን አስቀምጦ "ለእሷም?" አለው።

"ለእሷም ምን?"

"አጎቴ፣ የቤታችን እመቤት እኮ ናት።"

"ጨዋ ሁሉ አንድ ነው፤ አንገቱን ከማቅናት በቀር አንገቱ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። እሸው!"

ኤፋድ አላሽም አለ። ጉሙር በዚያው ቀን ዕቃውን ወርውሮለት አባረረው፤ ለኢንጋል ሁሉ ደግሞ "እጁ የአህያ ልጓም እንኳ አይችልም፣ ስለዚህ አወጣሁት" ብሎ አወራ። ኤፋድ ምን መለሰ? ምንም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ጉሙር ይህንንም ናቀው። ወኔ የለውም፣ አለ።

ታሙምት ድሪውን በየሰርጉ፣ በየበዓሉ ታጠልቀዋለች። ጉሙር ተነስቶ የሌላውን አንጥረኛ ሥራ ማብጠልጠል ሲጀምር ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች። እያፈረች፣ እያከበረችኝ ነው ይላል እሱ። ብዙ ጊዜ ይህን ዓይን መስበሯን አይቶ ነው ምላሱ የበለጠ የሚሳለው።

የሰርጉ ዕለት ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ዳሱ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ፤ ማሽላ ከተምርና ከፍየል አይብ ጋር ተወቅጦ የተበጠበጠበት ገበቴ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጉሙር የአባቱን ትንሽ መዶሻ መታጠቂያው ላይ ሰክቶ መጣ። ጥምጥሙን እንደ ጨዋ አልሸፈነበትም፤ አፉ እንዲታይ አገጩ ሥር ነበር የጣለው። ኤፋድ ቆዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ከጎኑ እናቱ ራይሻ አለች፣ የሙሽሪትን ፀጉር ስትሠራ ውላ እጇ ላይ የቅባቱ ሽታ ገና ያልለቀቃት።

ድሪው ተዘረጋ። ኻማዳን ለጉሙር አንገቱን ነቀነቀ። ጀምር ማለቱ ነው።

ጉሙር ቆዳውን ዞረው። አንዴ ዞረው፣ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ከዚያ ዓይኑን አሻሽቶ "ድሪውን ረስታችሁ የአህያ ልጓም ነው እንዴ ያመጣችሁት?" አለ።

ሴቶቹ ዘንድ ሳቁ ፈነዳ።

"አይ፣ ልጓምስ አይደለም። ልጓም ይጠቅማል። አንተ ኤፋድ፣ ብሩን ያቀለጥከው በእሳት ነው ወይስ እፍ እያልክበት? ሞረድ አጥተህ ነው በጥርስህ የጋጥከው? ሙሽራውስ አልጄሪያ ሦስት ዓመት ሠራ ሲባል ምን ሲሠራ ነው የከረመው፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ሲለቅም?"

"ወላሂ ልክ ነው!" አለ አንዱ ሽማግሌ፣ እንባውን እየጠረገ።

"ሚናታ ይህን አስራ ብትወጣ ፍየሎቹ የመሪያቸው ቃጭል መስሏቸው እየተከተሏት ጉድጓድ ይገባሉ። ልጃችን እኮ ናት! እናንተ ሰዎች ምን በድለናችሁ ነው?"

ጥሩ ሄደ። ሰው ሳቀ፣ የሙሽራው ወገን ራሱ ሳቀ። ኤፋድ ግን ፈገግም አላለ፣ አልተከፋም፤ ተራውን ይጠብቃል። ጉሙር ጎንበስ ብሎ ድሪውን አነሳው። ያን ጊዜ ጣቱ ነገረው።

ብሩ ጥሩ ነበር። ጥሩ ማለት ሲያንሰው ነው! መሀሉ ላይ ያለው ጌጥ በሰም ተቀርጾ በጭቃ የፈሰሰ ነው፣ የጋዝ ሽታ የለበትም። ጠርዙ እንደ ሕፃን ከንፈር ለስልሷል። ፊቱ ላይ በመጫሪያ የተጻፈው መስመር ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ አንድ ቦታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጉሙር ገልብጦ ጀርባውን አየው። ሰነፍ አንጥረኛ ጀርባውን ይተወዋል፤ ማን ያያል ብሎ። ጀርባውም እንደ ፊቱ ተወልውሏል። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራበት ጊዜ መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረና ተወው።

ብሩን ቢያጥላላ ይዋሻል፣ ሰውም ያየዋል። በብሩ አልሆነም። እንጨቱስ?

ሃያ ጥቁር ዶቃዎች ከብሩ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ጉሙር በልቡ ሳቀ። ዞጲ! በኢንጋል ዞጲ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እሱ ራሱ፣ የዚህ አገር አንደኛው አንጥረኛ፣ ፈልጎ አጥቶታል። ታዲያ ይህ ዝምተኛ ከየት አመጣው? ከየትም። ያኔ አላሽም ብሎ የኮራው ሰውዬ አሁን ቁጭ ብሎ እያሸ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉሙር ጨዋታውን የጣሰው። ስድቡ እስኪበቃ ተሳድቦ "ይሁን እንግዲህ" ማለት ይችል ነበር። ግን ቤቱን ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ሳቅ አይበቃውም፣ ኤፋድ መሬት መግባት አለበት።

"እስካሁን የቀለድኩትን ቀልጃለሁ" አለና ድምፁን ቀየረ። "ይህ ግን ቀልድ አይደለም። ይህ እንጨት ዞጲ አይደለም። የጫማ ቀለም የተቀባ ግራር ነው። ልጃችንን በቀለም ሊወስዷት ነው የመጡት!"

ሳቁ ቆመ። የሙሽራው አባት ጥምጥሙን ወደ ላይ ሳበ። በጨዋታ መሳደብ ሌላ፣ ሌባ ማለት ሌላ።

"ጉሙር" አለች ራይሻ። "ወንድሜ፣ በጨዋታው ይብቃህ። ይሁን በልና ተቀመጥ።"

"እናት ነሽ፣ ታዝኛለሽ። አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"ለአንተ ነው የማዝነው። ተቀመጥ አልኩህ።"

"ኤዲያ! ውሃ አምጡልኝ! አንድ ገበቴ ውሃ! ዞጲ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ክሩን በጥሼ አንዱን ዶቃ እጥለዋለሁ። ከሰመጠ" አለና መዶሻውን ከመታጠቂያው መዘዘ፣ "ከሰመጠ የአባቴን መዶሻ እዚህ ቆዳ ላይ ጥዬ እወጣለሁ። ወላሂ! ከተንሳፈፈ ግን ይህ ሰው አንጥረኛ ነኝ እንዳይል።"

እንግዲህ ተመልከት የሰውየውን ነገር! ከእሱ አሥር እርምጃ ርቃ ታሙምት ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ የእሱ የራሱ ግራር ተሰድሯል። ባትሪ ድንጋዩን በገዛ እጁ የፈጨ ሰው፣ በሕዝብ ፊት ውሃ አምጡ ይላል! ግን ትዝ አላለውም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ማንም ምንም ስላላለው ያ ዶቃ በእሱ ልብ ውስጥ ዞጲ ሆኖ ቀርቷል።

የወተት ገበቴ ታጥቦ ውሃ ተሞልቶ መጣ። ጉሙር ክሩን በቢላዋ ቆረጠና አንድ ዶቃ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ከዚያ ለቀቀው።

ዶቃው ወረደ። የገበቴውን ታች ሲመታ "ቋ" ያለው ድምፅ ሴቶቹ ጋ ድረስ ተሰማ።

ጉሙር ሁለተኛ ጣለ። ሰመጠ። ሦስተኛ ጣለ። እሱም ሰመጠ። አራተኛውን በቢላዋ ሰነጠቀው፤ ውስጡም እንደ ላዩ ጥቁር ነው።

"ከየት አመጣህ?" አለ። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

የመለሰችው ራይሻ ናት። "የአባታችን ግንድ ነው። ሲሞት ለሁለት ከፍለን አልነበር? ያንተን ግማሽ ጠርበህ ጠርበህ ለፈረንጅ ሸጥክ። የኔን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ቀን መጥተህ 'ያ እንጨት የት ደረሰ' ብትለኝ እሰጥህ ነበር። እኔ ቤት የሚረባ ነገር ይኖራል ብለህ መቼ አስበህ ታውቃለህ?"

አንድ ሰው "ጉድ ፈላ!" አለ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አሁን የሚስቀው ግን በጉሙር ነው። ሠላሳ ሰርግ ሙሉ ያሳቃቸው ሰዎች! ሬዲዮውን የተቀማው ሰውዬ ከሁሉ ጮክ ብሎ ሲስቅ ጉሙር ለይቶ ሰማው።

አሁን የመመለስ ተራው የኤፋድ ነው። ወጉ ይፈቅድለታል፤ የፈለገውን ሊል ይችላል። ኤፋድ ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ወደ ገበቴው ቀረበና እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ዶቃዎቹን ለቀመ። ቀና ሲል ዓይኑ የታሙምት አንገት ላይ ለአፍታ አረፈ። ጉሙር ያን ዓይን ተከተለው። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። ግራሩ! የገዛ እጁ ግራር!

ኤፋድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አጎቴ፣ ውሃውን ልድፋው?" አለ።

ይኸው ነው ያለው። ገበቴውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ጉሙር "ድፋው" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ውሃው አሸዋ ይጠጣዋል፣ ሰዉ ስቆ ሰርጉን ይቀጥላል። አንድ ቃል ብቻ። ግን ያን ማለት ውለታ ከኤፋድ እጅ መቀበል ሊሆን ነው። ካባረረው ሰው ምሕረት! ጉሙር የዚያን ሰው ፊት አየ፣ አንድም ፌዝ አጣበት፣ እሱ ደግሞ ከፌዝ የባሰ አንገበገበው። አፉ በልማዱ ቀደመው።

"ለምን ትደፋዋለህ? ከአንተ ውሃ የምፈራ መሰለህ? ይቀመጥ!"

ኤፋድ ገበቴውን መልሶ አስቀመጠ።

ታሙምት ተነሳች። የሙሽሪት እናት በአማቾቿ ፊት አትነሳም፣ አትናገርም፤ ስትነሳ ዳሱ ሥር ያለው ሕዝብ ጸጥ አለ። ቀስ ብላ መጣች። እጇን ወደ ማጅራቷ ልካ ድሪዋን ፈታች። የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጠሰችና ገበቴው ላይ ዘቅዝቃ አራገፈችው።

ብሮቹ ወረዱ። ዶቃዎቹ ግን ውሃው ላይ ቀሩ፤ እየተሽከረከሩ ዳር ዳሩን ያዙ፣ ልክ ፍየል ውሃ ስትጠጣ እንደምትጥለው በጠጥ።

ማንም አልሳቀም።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው" አለች ታሙምት። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። "በሠራህልኝ በወሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ክሩ ተበጠሰብኝ። ብሩን ከገንዳው ሥር አወጣሁት። ዶቃውን ግን ከላይ ከላይ ነው የለቀምኩት። መልሼ ሰካሁትና አሰርኩት።"

ጉሙር "እመቤቴ... ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አለ።

"ምን ልበል?" አለች። በእውነት የገረማት ትመስላለች። "አንጥረኛ ነህ። ከአንጥረኛ ሌላ ምን ይጠበቃል?"

ለካ ዓይኗን ትሰብር የነበረው ለዚህ ነው! በየሰርጉ እሱ ተነስቶ "ይህን ብር በትንፋሽህ ነው ያቀለጥከው" እያለ ሲያቅራራ፣ እሷ አንገቷ ላይ የእሱን ሌብነት አስራ ቁጭ ብላ፣ ውሻ በሰው ፊት ሲያነክስ አይተው ፊታቸውን እንደሚያዞሩት ፊቷን ስታዞር ኖራለች። ለቁጣዋ እንኳ አልበቃም። ጉሙር በሕይወቱ ብዙ ሰው ንቋል፤ እንዲህ አድርጎ ግን ማንንም ንቆ አያውቅም። አያውቅበትም ነበር።

ኻማዳን ጉሮሮውን ጠረገ። "ኤፋድ" አለ። "አሸንፈሃል። ጠይቅ።"

ምን እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ቤቱን ነዋ! ሁለቱንም ቤት። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረዋል።

ኤፋድ ወደ ኻማዳን አልዞረም። ወደ ታሙምት ዞረ።

"እመቤቴ፣ የምጠይቀው ከእርስዎ ነው።"

"ጠይቅ።"

"'ከአንጥረኛ ሌላ ምን ይጠበቃል' አሉ። ያን ቃል ይመልሱት።"

ኻማዳን ከምንጣፉ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ታሙምት ኤፋድን አየችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም፣ ቀጥ አድርጋ ነው ያየችው፣ ምናልባት አንጥረኛ እንዲህ ስታይ የመጀመሪያዋ ይሆናል። ፊቷ ደም ለበሰ። መከልከል አትችልም። ጨዋ ናትና መዋሸትም ጭንቅ ነው።

"መልሻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ሁላችሁንም በእሱ እየመዘንኩ ኖሬ ያው ናችሁ ብዬ ነበር። አጥፍቻለሁ።"

ከዚያ ከኤፋድ እጅ ዶቃዎቹን ተቀበለች። ድሪውን አብረው ሰኩት፤ እሷ ክሩን ያዘች፣ እሱ አንድ በአንድ አሾለከ፣ የተሰነጠቀችው ዶቃ ብቻ ቀረች። ለሚናታ ያሰረላት ኤፋድ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ።

ጉሙርን ያስታወሰው የለም። መዶሻውን ቆዳው ላይ አኖረና በዳሱ ጓሮ ወጣ። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልሰደበውም። የፍየሎቹ በረት ዘንድ ደርሶ ቆመና ለኤፋድ የሚሆን ስድብ በአፉ ውስጥ ፈለገ። ጅል ነው፤ ቤት ሙሉ ንብረት በእጁ ገብቶለት ቃል ጠየቀ! ሊል ፈለገ። አልወጣለትም። እሱ ሠላሳ ጊዜ ጠይቆ ሠላሳ ጊዜ ተሰጥቶታል። ሻኛ። ስኳር። ሬዲዮ። ጠይቅ በተባለ ቁጥር ጨዋዎቹ ምንም ሊከለክሉት እንደማይችሉ ያውቅ ነበር፣ እና ሬዲዮ ጠየቀ!

ከኋላው የሴት እግር ሰማ። ራይሻ ናት፤ መዶሻውን ይዛ መጥታለች።

"የአባታችን ነው" አለች። "በማትረባ መሐላ ጥለኸው የምትሄደው ያንተ ብቻ መሰለህ?"

አልተቀበላትም። እሷም አልሄደችም።

"ብታሸንፍ ምን ልትጠይቃቸው ነበር?"

ጉሙር ሊዋሻት አሰበ። ሻኛ ነው ሊላት አሰበ። "ቤቱን" አለ።

"የትኛውን ቤት?"

"የኻማዳንን ነዋ። የታሙምትን። ከእነሱ ጋር ልኑር ልል ነበር፣ እኔና ዘሬ።"

ራይሻ አየችው። ልትስቅ የነበረች ይመስላል፤ ግን አልሳቀችም፣ መዶሻውን መታጠቂያው ላይ ራሷ ሰካችለት።

"አሁን ታሙምት ያለችህን ሰማህ አይደል?" አለች። "እሱን በየቀኑ እየሰማህ ለመኖር ነው ልትለምን የነበረው?"

ከዳሱ ሥር የከበሮው ድምፅ ተጀመረ፣ ራይሻም ሙሽሪቷን ወደ ድንኳኗ የምታስገባ ስለሆነች ትታው ተመለሰች።

እሱ እዚያው ፍየሎቹ መሀል ቆሞ ቀረ።